የኮሶ ሳንቃ ከሾፌሩ ጀርባ እስከ መጨረሻው ወንበር

ባለቤቴ ሲያርፍ ለእኔና ለልጄ የተወልን አንድ አሮጌ አውቶቡስ ነው። ልጄ ይነዳዋል። ከደባርቅ ተነስቶ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ ይወርዳል፣ አዲ አርቃይ ያድራል፣ በማግስቱ ይመለሳል። አካሉ እዚሁ አገር የተሠራ ስለሆነ ከመስኮቱ በታች ያለው የውስጥ ግድግዳ ዙሪያውን እንጨት ነበር። መስኮቶቹ ዝናብ እያስገቡ እንጨቱን አበሰበሱት። ስንጥሩ የሰው ነጠላ ይቀድዳል፣ ክንድ ይቧጭራል።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ የመናኸሪያው ተቆጣጣሪ ገብቶ በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው ጣቱ እንጨቱን በስቶ ገባ።

«ይህ ሳይታደስ ሰው አይጭንም» አለ።

እውነቱን ነው፤ አልተቀየምኩትም።

እንጨቱስ ነበረን። ከጓሯችን የነበረውን ትልቅ የኮሶ ዛፍ ነፋስ ጥሎት፣ ግንዱ ተሰንጥቆ፣ ሳንቃ ሆኖ ተደርድሮ ነበር። ቀላ ያለ፣ ሲላግ የሚያምር እንጨት ነው። ግን ለአውቶቡሱ ሙሉ አይበቃም። ልጄ ወዲያው መላ አመጣ።

«እማ፣ እስከ አራተኛው ወንበር በኮሶው እንለብጠው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ችፑድ እንመታዋለን።»

«ለምን?»

«ከፊት የሚቀመጠው አስተማሪው፣ የቢሮው ሰው ነው። ኋላ ያለው ዶሮውን ታቅፎ ነው የሚገባው። ግድግዳ ሊያይ ነው እንዴ የሚሳፈረው?»

«ታሪፉ ይለያያል?»

«አይለያይም።»

«እንግዲያው ግድግዳው ላይ የሚደገፈው ትከሻም አይለያይም።»

«አንቺን መንገድ ትራንስፖርት ያልቀጠረሽ ለእኛ አዝኖ ነው» ብሎኝ ወጣ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ግን በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ቅቤ ይዤ፣ ከጭነት ጋር ተጋፍቼ፣ ከኋላ ተቀምጬ ወርጃለሁ። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ምን እንደሚያይ ከልጄ ይልቅ አውቃለሁ።

አናጢ ከዳባት አስመጣሁ። ዝምተኛ፣ እድሜው ከልጄ ትንሽ ገፋ ያለ ሰው ነው። ሳንቃውን አንድ በአንድ እያገላበጠ አየና፣

«እሜቴ፣ ውፍረቱን ከቀነስነው እስከ ኋላ ይደርሳል። ግን ቀጭን ሳንቃ ተንኮለኛ ነው። መጀመሪያ ቆላ ወርዶ ይድረቅ። ስንመታውም በመካከሉ ትንሽ ክፍተት እንተው» አለኝ።

«ክፍተት ያለበት ሥራ ከቤቴ አይወጣም! ቢላዋ እንዳይገባበት አድርገህ ግጠመው።»

«እዚህ እኮ ጉም ውስጥ ነን። እንጨቱ ውሃ ጠጥቷል። ዛሪማ ሲደርስ ይሰበሰባል።»

«ሚስማሩን አብዛበታ! የት ይሄዳል?»

ታላቁ ስለሆንኩ እንዳልኩት ሠራው። እኔም መጋጠሚያውን ሁሉ በወጥ ቤት ቢላዬ እየሞከርኩ አለፍኩ። አንድም ቦታ አልገባም። ልጄ የመስኮቱን ጎማ በሙሉ ቀየረ። ተቆጣጣሪው አየና «አንድ ጊዜ ደርሳችሁ ተመለሱና እወስናለሁ» አለ።

የዚያን ቀን መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ደባርቅን ስንለቅ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ነበር። ሊማሊሞን ጥምዝ በጥምዝ ስንወርድ ሰው ጋቢውን እያወለቀ ጭኑ ላይ አደረገ። አጠገቤ ሁለት ዶሮ የያዘች ሴት ነበረች። ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰችው።

«እማማ፣ ምን እንጨት ነው?»

«ኮሶ።»

«ኮሶ? ኧረ ወራጅ አለ በሉልኝ! አዲ አርቃይ ሳንደርስ ሆዳችንን ሊጠርገን ነው!»

አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ዛሪማ ልንገባ ስንል፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ አንድ ነገር ጧ! አለ። ልጄ ጎማ መስሎት ፍሬን ያዘ። ወርዶ ዞሮ አየ፤ ጎማው ደህና ነው። ሲመለስ ሁለተኛው ጧ! አለ።

«ሾፌር፣ የፈነዳው ግድግዳህ ነው!» አለች ባለዶሮዋ።

አዲ አርቃይ እስክንደርስ ሰባት ሳንቃ ከመካከሉ ተሰነጠቀ። እንጨቱ ሲደርቅ ልሰብሰብ አለ፣ ሚስማሩ በሁለቱም ጠርዝ ቀስፎ አልለቅም አለው፤ ምን ያድርግ?

በማግስቱ ደባርቅ መናኸሪያ ስንገባ አናጢው ሥራውን ሊያይ ቆሞ ይጠብቀናል። ልጄ ገና ከመሪው ሳይወርድ ጀመረ።

«ጉድ አደረገኝ ይህ ሰው! እንጨቴን ፈጀው! እንግዲህ የኋላውን ነቅዬ የፊቱን እጠግንበታለሁ፤ ኋላውን ችፑድ።»

ሾፌሮቹ ተሰበሰቡ። አንዱ፣ የነጭ ሚኒባስ ባለቤት፣ «እኔም የኔን ልሰጠው ነበር፤ እንኳን ተረፍኩ!» አለ። ሌሎቹም አንገታቸውን ነቀነቁ። አናጢው ሁሉንም ይሰማል። «እሷ ናት ያዘዘችኝ» ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። መላጊያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር እንደያዘ መሬት መሬት ያያል። በዚያች ቀን አንድም ሾፌር ሳያምነው ወደ ዳባት ቢመለስ ሁለተኛ ደባርቅ ላይ ሥራ አያገኝም። እኔም ዝም ብል ከእሱ በቀር የሚያውቅብኝ ሰው የለም። ያ ነው ያቃጠለኝ።

«ስሙኝ!» አልኩ ከአውቶቡሱ በር ላይ ሆኜ። «ይህ ሰው እንጨቱ ቆላ ወርዶ ይድረቅ ብሎኛል። ክፍተት እንተው ብሎኛል። እምቢ ያልኩት፣ ሚስማር አብዛ ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው!»

«እማማ፣ ለጥፋትም ይሟገታሉ እንዴ?» አለ ባለሚኒባሱ።

«ለጥፋትማ ይበልጥ!»

ልጄ ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ አናጢው ዞርኩና «እንዳልከው አድርገህ እንደገና ትሠራዋለህ። ከፊት እስከ ኋላ» አልኩት። ልጄ አኩርፎ ነበር፤ ቢሆንም ሳንቃውን ነቅሎ፣ በባዶው አውቶቡስ ጭኖ ዛሪማ ያወረደልን፣ አውቶቡሱንም እዚያው ያቆመልን እሱ ነው።

እዚያ ዘመዶቼ ቤት፣ በዳሱ ጥላ ሥር፣ በየመካከሉ ጭራሮ እያስገባን ደረደርነው። ነፋሱ በውስጡ ያልፋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆየ። አናጢው ወርዶ እዚያው ሠራ፤ እኔም አብሬው ሰነበትኩ። የተሰነጠቁትን ሰባቱን በስንጥቃቸው ልክ ሲያጠባቸው የአራት ጣት ስፋት ቀራቸው።

«እነዚህን ኋላ አደርጋቸዋለሁ፤ አይታወቅም» አለ።

«አንተም? ሁሉም በአራት ጣት ልክ ይቆረጥ!»

«ደህናውንም?»

«ደህናውንም።»

ብዙ እንጨት በመጋዝ አለቀ። ስለዚህ ሳንቃውን ከመስኮቱ አንድ ጋት ዝቅ አድርገን ጀመርነው፣ ከፊትም ከኋላም እኩል፤ የቀረውን በቆርቆሮ ሸፈንነው። እያንዳንዱ ሳንቃ በአንድ ጠርዙ ብቻ ተመታ፤ ሌላው ጠርዝ ከጎረቤቱ ከንፈር ሥር ገባ፣ ሲሰበሰብም ሲያብጥም እንዲንሸራተት። ሳንቃውን በብርጭቆ ወረቀት የፈተግሁት እኔ ነኝ። የተልባ ዘይቱንም እኔ ቀባሁት። አንድ ቀን ልጄ መጣ፣ ቆሞ አየ፣ አንድ ብርጭቆ ወረቀት አንስቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

ከዚያ ለሙከራ ሦስት ጊዜ ወርደን ወጣን። ቆላ ስንወርድ መጋጠሚያው በፀጉር ልክ ይከፈታል፣ ደጋ ስንወጣ ይዘጋል። አንድም ጧ ያለ የለም። እዚህ ላይ ልኩራ፤ በሊማሊሞ ከሚወርዱት አውቶቡሶች ሁሉ የኛን ግድግዳ የሚያህል የለም።

ተቆጣጣሪው በአውራ ጣቱ እየተጫነ ከሾፌሩ ጀርባ ተነስቶ እኔ እስካለሁበት መጨረሻ ወንበር ደረሰ። ዞሮ ወደ ፊት አየ።

«የቱ ነው ደህናው እንጨት?» አለኝ።

«ፈልገህ አግኘው።»

ፈቃዱን ጻፈልን። ተቆጣጣሪው ሲወርድ ባለሚኒባሱ በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ያያል። አናጢውን በክርኑ ነካ አደረገው።

«የኔንም ሥራልኝ። ከፊት ከፊቱን ብቻ ግን።»

አናጢው ወደ እኔ አላየም። መላጊያውን ከጨርቁ ፈታ።

«እኔ ከኋላ ነው የምጀምረው» አለው። «እንጨትህ ከበቃ ፊት እደርሳለሁ።»