«ውጋ» ያልኩት እኔ ነበርኩ

ሞጣ ላይ ከማስተምርበት የኮምፒውተር ክፍል ወስደው ቢቸና አሰሩኝ። የታሰርንበት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ኖሯል። ግድግዳው ሥር የጤፍ ብናኝ ስለተጋገረ ሰው በተገላበጠ ቁጥር ያስነጥሰናል። አሥራ አራት ነበርን።

በማግስቱ መርማሪው ላፕቶፔን ከፍቶ አንድ መስመር አሳየኝ።

ቀበሌ(3).ጠብቅ(21).ውጋ()

«ቀበሌ ሦስትን የሚወጋው ማን ነው?» አለኝ፤ ድምፁን ሳያነሳ።

ነገሩ ቀላል ነበር። የቢቸናው የከብት ሐኪም፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሰው፣ ኮምፒውተር የክትባቱን ተራ እንዲያስታውሳቸው ለምነውኝ ነበር። ፕሮግራም መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ በአማርኛ የሚያዙበት ትንሽ ቋንቋ ሠራሁላቸው። ሕጉ የፓይተን ነው፤ ቃላቱ ብቻ የእኛ። አንዱ ቃል የያዘውን ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ የሦስተኛው ቀበሌ ከብቶች፣ ሃያ አንድ ቀን ቆይቶ፣ መርፌ። ያኔ ሐኪሙ «ክተብ» ብንለው አይሻልም ወይ ብለውኝ ነበር። እኔ ግን «ውጋ» በሁለት ፊደል ያልቃል ብዬ ሳቅሁባቸው።

ይህን ሁሉ ለመርማሪው አስረዳሁት። የክትባቱን ነገር ያመነኝ መሰለኝ።

«ቃሉን የመረጠው ማን ነው?» አለ።

ማንም አልነካኝም። ጥፊ እንኳ አልቀመስኩም።

«እሳቸው» አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙን አምጥተው እኛው ክፍል አስገቧቸው። ከሥራ ላይ ነው የወሰዷቸው፤ የቦት ጫማቸው ጭቃ ገና አልደረቀም። ሰዎቹ ተጠጋግተው እኔ አጠገብ ቦታ ሰጧቸው። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። እህል ቀምሼ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ከኪሳቸውም ቆሎ ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝ። ቆይተው ደግሞ ያ ኮምፒውተር ውጋ ሲሉት መርፌ መሆኑን በምን እንደሚያውቅ ጠየቁኝ። እሱ ምንም አያውቅም፣ እኔ ያልኩትን ብቻ ነው የሚያደርገው አልኳቸው። ቆሎው እጄ ላይ እንዳለ ነበር።

«ጋሼ፣ ቃሉን እርስዎ መረጡት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፤ ቃልህን አንብበውልኛል» አሉ። ጋቢያቸውን አንስተው ግማሹን በትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። «ሰው ይፈራል፣ ልጄ። ነገ ግን እውነቱን ንገራቸው።»

ሲነጋ ዘበኛውን ጠርቼ ቃሌን ማረም እንደምፈልግ ነገርኩት። መርማሪው ወረቀት ሰጠኝ። ቃሉን የመረጥኩት እኔ መሆኔን፣ ሐኪሙ ሌላ ቃል ሰጥተውኝ እንቢ ማለቴን ጽፌ ፈረምኩ። እሳቸው በዚያው ቀን ተፈቱ። እኔ ሰባት ሳምንት ቆየሁ።

ባለፈው ሰሞን ለጉዳይ ቢቸና ሄጄ ገበያው ዳር ከባለቤታቸው ጋር አገኘኋቸው። ሴትዮዋ አገላብጠው ሳሙኝ። ራስህን አስይዘህ ባሌን ያስፈታህ አንተ ነህ እያሉ በሰው ፊት መረቁኝ። ሐኪሙ አጠገባቸው ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። ያሳሰርኳቸውም እኔው መሆኔን ይህን ሁሉ ጊዜ ለባለቤታቸው እንዳልነገሯቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

እኔም አልነገርኳቸውም። ጎንበስ ብዬ «አሜን» አልኩ።