አይቼ የካድኩት ኮከብ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተንፍሼው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው።

ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተምራለሁ። «ዶክተር» ሳይል በስሜ ብቻ የጠራኝን ሰው ሰላምታውን የማልመልስ ባዶ ኩራተኛ ነበርኩ።

ሰሚራ የቡታጅራ ልጅ ናት፤ ባልደረባዬ ነበረች። በትንሿ ቴሌስኮፓችን የጎረቤታችንን ጋላክሲ የአንድሮሜዳን ፎቶ ታነሳ ነበር። አንድ ጠዋት ቢሮዬ እየሮጠች ገባች።

«ዶክተር፣ ወላሂ ኖቫ ነው! ቀድሞ የማይታይ ኮከብ ፈንድቶ ደምቋል። ቶሎ የሚደበዝዝ ዓይነት ከሆነ ያመልጠናል፤ ሁለተኛ ፎቶ ከሌለን ደግሞ ማንም አያምነንም። ዛሬ የወንድሜ ኒካህ ነው፣ ቡታጅራ መሄዴ ነው። እባክዎ እርስዎ ያንሱልኝ።»

«ካሜራው ላይ ያረፈ አቧራ ይሆናል» አልኳት። ግን እሺ አልኩ።

እንደመሸ ቴሌስኮፑ ያለበት ጣራ ላይ ወጥቼ አነሳሁ። ኮከቡ ነበረ። ደብዝዟል፤ ግን ነበረ። እኔ፣ በዚያ ቴሌስኮፕ ሥር ዓመታት ተቀምጬ አንዲት አዲስ ነገር ያላገኘሁት እኔ፣ አየሁት። አይቼስ ምን አደረግሁ? ፎቶውን አጠፋሁት። ከዚያ ደወልኩላት። ከኋላዋ መንዙማና እልልታ ይሰማል።

«ምንም የለም። አቧራ ነው ብዬሽ ነበር።»

«ይቅርታ ዶክተር፣ በከንቱ አደከምኩዎት» አለችኝ።

ይቅርታ! እኔን! እኔም «ግድ የለም» ብዬ ይቅር አልኳት። ከዚህ የባሰ ውርደት ታውቃላችሁ?

እሷ አምናኝ ግኝቷን ለማንም ሳትልክ ቀረች። ስትመለስ ሰማዩ ደመና ነበር፤ ሲጠራ ደግሞ ኮከቡ በእኛ ቴሌስኮፕ የሚታይ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች፣ በሩቅ አገር፣ አገኘነው ብለው አወጁ። ሰሚራ ዜናውን በስልኳ ይዛ ፊቴ ቆመች።

«የእኔ ፎቶ ከእነሱ ይቀድማል፤ እርስዎ ግን የለም አሉኝ።»

«ያነሳሁት ፎቶ ጥራት አልነበረውም ይሆናል» አልኩ። ደግሜ ዋሸሁ።

ስልኳን ቦርሳዋ ከትታ ወጣች። በዓመቱ ሥራዋን ለቀቀች። ዛሬ ቡታጅራ ከወንድሟ ጋር የሕንፃ መሣሪያ ትሸጣለች።

ቀናህ እንዳትሉኝ። ቅናት እንኳ የሰው ነው። እኔ ናቅኳት፤ እኔ ያላየሁትን እሷ ልታይ አይገባትም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ልነግራት ሄጄ ነበር። ከሱቋ ብቅ ብላ «ዶክተር! እንዴት ነዎት? ይግቡ እንጂ፣ ሻይ ይጠጡ» አለችኝ።

«ቸኩያለሁ» ብዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለእናንተ ነገርኩ፤ ለእሷ አልነገርኩም። እንዲህ ያለ ሰው ማሩኝ አይልም።