አባቴ ፊልም ሲፈርድ

አባቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ነድቷል፤ ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር ቀርቶታል። ስለ ፊልም አንድ ቀን እንኳ የተማረው ነገር የለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «እሱ ማን ሆኖ ነው የሚፈርደው?» የሚል እንዳይመጣብኝ ነው። ማንም አይደለም። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሱሪውን ተኩሶ፣ እናቴንና እኔን አስከትሎ እንደማንኛውም ሰው ተሰልፎ የሚገባ ተመልካች ነው። ሰኞ ጠዋት ግን የተርሚናሉ ሻይ ቤት ውስጥ ሹፌሮቹ «ዳኛው፣ የሰሞኑ ፊልም እንዴት ነው?» ብለው ካልጠየቁት ሻዩ አይወርድላቸውም። ዳኛው የሚለውን ስም ያወጡለትም እነሱ ናቸው። እኔ የአውቶቡስ ትኬት የምሸጥበት ክፍል ከሻይ ቤቱ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ፍርዱን ብፈልግም ባልፈልግም እሰማዋለሁ።

ሕጉ አንድ ነው። ፊልሙ ውስጥ መኪና ካለ መጀመሪያ ነጂውን ያያል። ነጂው ከዋሸ የቀረውን አያምንም።

ባለፈው ዓመት ከተማው በሙሉ ያለቀሰበትን የፍቅር ፊልም እንውሰድ። ሰልፉ መንገድ ዘግቶ ነበር። እናቴ ሁለት መሀረብ ጨርሳ ወደ እኔ እጇን ዘርግታለች። ልጁ በዝናብ እየነዳ፣ አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ ዓይን ዓይኗን እያየ ፍቅሩን ይነግራታል። አዳራሹ ጸጥ እረጭ ብሏል። በዚህ መሀል አባቴ ጆሮዬ ሥር «አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ» ይላል።

«ምንድን ነው የምትቆጥረው አባዬ?»

«መንገዱን ማየት ከተወ ሃያ አንድ ሰከንድ ሆነው። ሁለት ማቋረጫ አልፏል። ስንት ሰው እንደገደለ አንድዬ ይወቀው።»

ሰኞም ይህንኑ ለሹፌሮቹ ደገመላቸው። «ልጅቷ እውነት ብትወደው ኖሮ ‹እኔም እወድሃለሁ፣ ግን ፊትህን ወደ መንገዱ መልስ› ትለው ነበር» አለ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሦስት ቀን ኩርፊያ ላይ ሰነበተች።

ከዚያ የባንክ ዘራፊዎቹ ፊልም መጣ። ወጣቱ ሁሉ ያበደለት ነው። አባቴ ግን ዋናው ተዋናይ በአንድ ማሳደድ ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ ማርሽ መቀየሩን ቆጥሮ ወጣ። «ዘጠኙንም ወደ ላይ! ያን መኪና የሠራው ፋብሪካ እንኳ ዘጠኝ ማርሽ እንዳለው አያውቅም።» ደግነቱ ፊልሙን ጨርሶ አልጣለውም። ዘራፊው ከባንኩ ደጃፍ ሲነሳ ፍሬቻ አሳይቶ ነው መንገድ የገባው። «ከሁሉም እሱ ይሻላል» አለ። እናቴ «አንተ ሰውዬ፣ ሌባ እኮ ነው!» ብትለው «ሌባ ነው፤ ግን ሥርዓት ያለው ሌባ» ብሎ ድርቅ አለ። የመናፍስቱን ፊልምማ «መብራት አጥፍቶ ጫካ ውስጥ የሚነዳን ሰው የሚገድለው መንፈስ ሳይሆን ዛፍ ነው» ብሎ አጣጣለው። እናቴ በማግስቱ ጣቶቿን እያሻሸች፣ ፊልሙ እስኪያልቅ እጇን ጨምቆ የያዘው ማን እንደነበረ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች።

አፉን ሞልቶ ያመሰገነው አንድ ፊልም ብቻ ነው፤ እሱም ሰው አጥቶ በሁለተኛው ሳምንት የወረደ። ባሏ የሞተባት ሴት የእሱን የውሃ ቦቴ ትነዳለች፤ ሌላ ብዙም ነገር የለውም። እኔ እንቅልፍ እያዳፋኝ ነው የጨረስኩት። አባቴ ሁለት ጊዜ አየው። ሴትየዋ ሞተር ከማስነሳቷ በፊት ሁልጊዜ ቦቴውን ትዞረውና ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሯ መታ መታ ታደርጋቸዋለች። «ባሌን እወደው ነበር ብላ አንድ ቃል አልተናገረችም» አለ አባቴ ሻይ ቤቱ ውስጥ፤ «መኪናውን እንዴት እንደያዘችለት ግን አይታችኋል?» ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ወር ሙሉ ወንድሙ ቤት ያደረ አንድ ሹፌር ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ። በዚያው ወደ ቤቱ ተመለሰ አሉ።

ፍርዱን የማይቀበል አንድ ሰው ነበር፤ ጡሩምባ የምንለው ሹፌር። ክላክስ ሳይነፋ ከቆመበት የማይነሳ ሰው ነው። «መተቸት ቀላል ነው» ይለው ነበር አባቴን። «አንድ ቀን አንተው ራስህ ፊልም ውስጥ ግባና እንይህ።»

ገባ።

የፊልም ሰዎች ከድርጅታችን አውቶቡስ ከነሹፌሩ ተከራዩ፤ አለቃችንም አባቴን መረጠ። የፊልሙ ዋና ሰው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ዝነኛው ተዋናይ መልኩ ያማረ ቢሆንም አውቶቡስ ቀርቶ የእጅ ጋሪም የሚገፋ አይመስልም። ስለዚህ ፊቱ የተዋናዩ፣ ከኋላ ማጅራቱና መሪ ላይ ያሉት እጆች የአባቴ እንዲሆኑ ተስማሙ። የተዋናዩን ሸሚዝ አለበሱት፤ ሆዱ ላይ አልቆለፍ ብሎ በመርፌ ቁልፍ ተያዘ። እኔም ፈቃድ ወስጄ ተሳፋሪ ሆነው ሊቆሙ ከመጡት ሰዎች ጋር ተቀላቀልኩ። እንዲህ ያለ ቀን የሚያመልጠኝ አይደለሁም።

ዳይሬክተሩ ገና ጺሙ በቅጡ ያልወጣ ልጅ ነው፤ ትሑት ነው፤ ሥራውንም ይወዳል። ታሪኩን አስረዳን። ሹፌሩ ከዓመታት በፊት የጠፋችበትን ፍቅረኛውን መንገድ ስትሻገር ድንገት ያያታል፤ ፍሬን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተያይዞ ይወድቃል።

አባቴ ነዳ። ማቋረጫው ጋ ሲደርስ ቆመ። ማንም አልወደቀም። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ የደረስን መስሏት ልትወርድ በሩን ፈለገች።

«አባባ፣ ትንሽ ጠንከር አድርገው» አለ ዳይሬክተሩ። ደግመን ዞረን መጣን። አሁንም ማንም አልወደቀም። በሦስተኛው የልጁ ትሕትና አለቀ።

«አባባ፣ ፍሬኑን አንዴ ቀጥ አድርገው ይያዙልኝ! ፀሐዩ እያለፈብኝ ነው እኮ።»

አባቴ ሞተሩን አጠፋና ዞር ብሎ ሰዎቹን አየ። ከፊት ሰባ ዓመት የሚሆናቸው እናት ቆመዋል። «እኒህን እናት ልወርውራቸው?»

«ትወና ነው አባባ! ሁሉም ያውቃሉ።»

«እነሱ ያውቃሉ። ፍሬኑ ግን ትወና አያውቅም።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አባቴ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ብስክሌት ድንገት ገባበትና ፍሬን ቀጥ አድርጎ ያዘ። ቆመው የነበሩ አንዲት እናት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ጥፋተኛ አይደለም ተብሎ ተጽፎለታል። እሱ ግን ሴትየዋ በእግራቸው እስኪሄዱ ድረስ በየሳምንቱ ሆስፒታል ተመላልሷል። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሱ በነዳው አውቶቡስ ውስጥ አንድም ሰው ወድቆ አያውቅም። ሽልማት የለው፣ ምስክር ወረቀት የለው፤ የሚኮራበት ይህ ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩ ይህን አያውቅም። «እንግዲያው ሌላ ሹፌር እናስመጣለን» አለ። ከመኪናው ሊያወርዱት ነው አልኩ በልቤ።

«አስመጡ» አለ አባቴ ረጋ ብሎ። «ግን መጀመሪያ ሰዎቹን አውርዱ።» ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ ከወንበሩ ተነስቶ ወደ እኛ ዞረ። «ወገኖቼ፣ እኔ እንደ ወትሮዬ አቆማለሁ። ስቆም ‹በል!› እላለሁ። እናንተ ያኔ ውደቁ። ወንበር የያዘ እጁን አይልቀቅ። እርስዎ እናቴ፣ እዚህ ልጄ ላይ ይውደቁ፤ እሷ ትራስ ናት።»

ሥጋ እንዳለኝ አውቃለሁ፤ በአርባ ሰው ፊት መነገሩ ግን ምን ይባላል?

«በል!» ሲል ወደቅን። እንዴት ያለ አወዳደቅ መሰላችሁ! ኮፍያ በረረ፣ ቦርሳ ተበተነ፣ አንዱማ ያልተጠየቀውን «ዋይ ልጆቼን!» ብሎ ጮኸ። ዳይሬክተሩ አባቴን አቅፎ ሳመው። አውቶቡሱ ውስጥ አንድም ሰው አልተጫረም።

ፊልሙ ወጣ፤ የዓመቱ ተወዳጅ ሆነ። በመጀመሪያው እሁድ ሦስታችን ገባን። ያ ቦታ ሲደርስ አዳራሹ «እ!» ብሎ ትንፋሹን ያዘ። እናቴ የአባቴን ማጅራት ገና ስታየው ማልቀስ ጀመረች። እኔ ደረቴ ተነፍቶ አልበቃኝ አለ። አባቴን ብመለከተው ፊቱ ቅጭም ብሏል። ፊቱን ስላላሳዩት ከፍቶት ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

ሰኞ ጠዋት ሻይ ቤቱ ሞልቷል። ተረኛ ያልሆኑት ሁሉ መጥተዋል። ጡሩምባ ወንበሩን አዙሮ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«እህስ ዳኛው? ዛሬ ራስህን ፍረድ!»

ነገሩ ገብቶኛል። ጥሩ ነው ካለ ከዚያች ቀን ጀምሮ ፍርዱን የሚሰማው የለም። መጥፎ ነው ካለ በዕድሜው የገባበትን አንድ ፊልም በገዛ አፉ ሊቀብረው ነው። ሌላው ቢቀር ዝም ይበል ብዬ እየጸለይኩ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

«ውሸት ነው» አለ አባቴ።

መስኮቴን ዘግቼ ወደ ሻይ ቤቱ ሮጥኩ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን ብቻ ለራሱ ደግ ቢናገር ምን ነበረበት? ስደርስ ግን ጀምሮታል።

«ፍሬን እንደዚያ ቢያዝ ኖሮ ከላይ የተንጠለጠሉት የእጅ መያዣዎች ጣሪያ በነኩ ነበር። ሰው ሁሉ ወለል ላይ ተዘርሮ መያዣዎቹ ግን ቀጥ ብለው ተንጠልጥለዋል። ቀና ብሎ ያየ ሰው ሁሉ ውሸቱን ያውቃል። እኔ በሰው ፊልም ስስቅ ኖሬ...» ሻዩን ገፋ አደረገው። «የእኔው ባሰ።»

«አባዬ!» አልኩ።

የሳቀ የለም። ጡሩምባ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«በስንት እየሄድክ ነበር?»

«በሠላሳ።»

«አርባ ሰው ጭነህ?»

«ከእሷ ጋር አርባ አንድ» አለ በአገጩ ወደ እኔ እያሳየ።

«መያዣዎቹስ?»

«አልኩህ እኮ! ቅንጣት አልተወዛወዙም።»

ጡሩምባ ሹፌሮቹን አያቸው፤ እነሱም እርስ በርሳቸው ተያዩ። አውቶቡስ ነድተው የማያውቁ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባቸውም፤ እኔም ያኔ አልገባኝም ነበር። በሠላሳ የሚሄድ ሙሉ አውቶቡስ መያዣዎቹን እንኳ ሳያወዛውዝ የሚያቆም ሹፌር ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። «እሁድ ሁላችንም እንገባለን» አለ ጡሩምባ። በዚያ ሁሉ ዓመት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

እሁድ አሥራ ሰባት ሹፌሮች የሥራ ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ሚስቶቻቸውን ይዘው መጡ፤ መሀል ላይ ሁለት ረድፍ ያዙ። አባቴን አልመጣም ቢልም እናቴ ክንዱን ይዛ አመጣችው። ያ ቦታ ሲደርስ አዳራሹ እንደ ወትሮው ወደምትሻገረው ፍቅረኛና ወደሚወድቁት ሰዎች አየ። ሹፌሮቹ ግን ሁሉም ቀና ብለው የአውቶቡሱን ጣሪያ አዩ። መያዣዎቹ በሁለት ረድፍ ቀጥ ብለው ተንጠልጥለዋል፤ አንዱም አይነቃነቅም።

ቀድሞ የተነሳው ጡሩምባ ነው። ቆሞ አጨበጨበ። ከዚያ የቀሩትም ሁሉ ተነሱ። ስክሪኑ ላይ ሴትየዋ እያለቀሰች ነው፣ ተዋናዩ ወደ እሷ እየሮጠ ነው፤ እነሱ ጭብጨባቸውን አያቆሙም። ከኋላ «ቁጭ በሉ!» የሚል ጩኸት መጣ። አባቴ አንገቱን ሰብሮ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እናቴ እጇን በእጆቹ ላይ ደረበች።

እኔም ተነስቼ እያጨበጨብኩ ነው፤ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም። ከፊታችን የነበረ ሰውዬ ተናዶ ዞረ።

«ምንድን ነው ነገሩ? ምን ተገኘ?»

«ሹፌሩ» አልኩት፣ «አባቴ ነው።»