የተጨረመተችው ጣሳ

ዱቄት ስመዝን ሚዛኑ ጢጥ ባለ ቁጥር ያቺ የእናቴ ጣሳ ትዝ ትለኛለች።

ጭድ ተራ ስንኖር እናቴ ዳቦ የምትጋግረው ዱቄቱን በጣሳ እየለካች ነበር። አውቶቡስ ተራ ያለ ሆቴል ሊቀጥራት ሲል ሼፉ፣ «የዱቄቱን ልክ በግራም ጽፈው ያምጡ» አላት። እኔ ባዶዋን ጣሳ ይዤ ሚዛን ወዳላቸው ወደ ዱቄት ሻጩ ጋሼ ሙዘይን ስሮጥ፣ ከእጄ ወድቃ መቀመጫዋ ተጨርምቶ ወደ ውስጥ ገባ። በጡጫዬ ብገፋው፣ ብገፋው አልመለስ አለኝ።

ጋሼ ሙዘይን ጣሳዋን ገልበጥ አድርገው አዩዋት። «ድሮም እንዲህ ነበረች?»

«አዎ» አልኩ። ዱቄት ሞልተው መዘኑና ግራሙን ጻፉልኝ።

በማግስቱ ሆቴሉ ማድ ቤት፣ እናቴ በወረቀቱ መሠረት መዝና ብታቦካው ሊጡ ቀጠነባት። ዱቄት ልትጨምር ስትል ሼፉ፣ «ከጻፉት አይለፉ» አላት። ዳቦው ሳይነሳ ተለጥፎ ወጣ። ሳይቀጥሯት ስንመለስ መዳፏን እያየች፣ «እጄ ከዳኝ» አለች። እጇን ያመማት መስሎኝ ነበር።

ዛሬ የምጋግረው እኔ ነኝ፣ በዚያው ወረቀት። መዝኜ ስጨርስ አንድ እፍኝ እጨምራለሁ።

«ልኩ ሞልቷል እኮ፤ ምነው?» ትለኛለች እናቴ ከጎኔ ተቀምጣ።

«እንዲሁ ነው፣ እማዬ» እላታለሁ።