ከዘፈን ሥር ድምፅ ያወጡት ጋሼ ስሜነህ

ቢቸና ገበያ መውረጃው ላይ፣ ሰማያዊ በር ካላት ቤት ገብታችሁ ዘፈን ላስገለበጣችሁ፣ ኮምፒውተር ለተማራችሁ፣ ወይም ዝናብ ልጠለል ብላችሁ ገብታችሁ እዚያው ላመሻችሁ ሁሉ፦ ጋሼ ስሜነህ ዐርፈዋል። ታመው ሞጣ እህታቸው ዘንድ ሰንብተው ነበር። እዚያው በተወለዱበት ከተማ፣ በልጅነታቸው ዜማ በተማሩበት ደብር ተቀብረዋል። መርዶው ለቢቸና የደረሰው በጠዋቱ አውቶቡስ ነው።

እኔ ጎረቤታቸው እንጉዳይ ነኝ፤ ከግድግዳው ወዲያ ማመልከቻ የምተይበው፣ ነገረኛዋ። «እንጉዳይ፣ አፍሽ ከጣትሽ ይፈጥናል» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ዛሬ ግን አፌም ጣቴም እምቢ ብለውኛል።

ያቺን ቤት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? መስኮት የላትም። በክረምት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጭጋጉ መንገዱን ሲያለብሰው በሩን ገርበብ ያደርጉና መዝሙር ይከፍታሉ። ያን ጊዜ የዊንዶውሱ ማጫወቻ ከድምፁ ጋር የሚንቀሳቀስ ቀለም ያወጣ ነበር፤ ታስታውሱታላችሁ። አረንጓዴው ቀስ ብሎ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሰማያዊው ወይን ጠጅ። ድምፁ ከፍ ሲል ይነሣል፣ ዝቅ ሲል ይተኛል። ብርሃኑ በሰዉ ፊት ላይ ይመላለሳል። ጤፋቸውን ሸጠው የሚመለሱ ገበሬዎች አህያቸውን ደጅ አስረው፣ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቁጭ ብለው ያዩታል። እኔም ወረቀት በእጄ ይዤ ምን ልሠራ እንደመጣሁ የምረሳበት ቀን ነበረ። አንድ ሽማግሌ አንዴ «ይኸ የምናየው የድምፁ ነፍስ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ጋሼ አሰብ አደረጉና «አይ አባቴ፣ ጥላው ነው» አሏቸው።

ሲያስተምሩም እንዲሁ ነበሩ። «ማሽኑ ቤቱ ነው፤ ዊንዶውስ አባወራው ነው። ማጫወቻው ደጅ ቆሞ እንግዳ የሚቀበለው ነው። የእንግዳውን ቋንቋ ካልሰማ፣ እንግዳው ውጭ ያድራል» ይሉ ነበር። ስለዚህ አንዱ ማጫወቻ አልከፍትም ያላቸውን ሲዲ በሌላው ይሞክሩታል። እሱም እምቢ ካለ ማሽኑን አጥፍተው ከባሕር ዳር ባስመጡት፣ ሊኑክስ በሚባል ሌላ አባወራ ያስነሡታል። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «ኧረ ተዉት ጋሼ፣ ይኸ ሲዲ ሞቷል!» እላለሁ። እሳቸው ቀና ሳይሉ «አልሞተም፤ የሚሰማው አጥቶ ነው» ይሉኛል። ብዙ ጊዜም ይነሣላቸው ነበር።

ከኮምፒውተሩ ግራና ቀኝ የቆሙትን ሁለት ድምፅ ማጉያዎች «ግራ ጌታ» እና «ቀኝ ጌታ» ብለው ነበር የሚጠሯቸው፤ በማኅሌት በሁለት ወገን ቆመው እየተቀባበሉ የሚያዜሙትን መሪዎች ማለታቸው ነው። አዲስ ነገር በከፈቱ ቁጥር ጆሯቸውን መጀመሪያ ወደ ቀኙ፣ ቀጥሎ ወደ ግራው ያስጠጋሉ። ለምን ሲባሉ «ሁለቱን ወገን ለየብቻ ያልሰማ፣ ማኅሌት ቆምሁ አይበል» ይላሉ። የደብሩን ትምህርት ዳር ባያደርሱትም ጆሯቸው ከዚያ አልወጣም።

አንድ የገበያ ቀን እማማ የሻረግ ሲዲ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። የልጃቸው የሠርግ ቪዲዮ ነበር። ባለቤታቸው ሠርጉ ላይ ቆመው ልጃቸውን መርቀዋል፤ ዓመት ሳይሞላ ግን ዐረፉ። ሌላ የተቀዳ ድምፅ የላቸውም።

«ፊቱስ ፎቶ አለኝ፤ ድምፁ ነው የሚርቀኝ» አሉ እማማ። «ጠዋት ስነሣ እፈልገዋለሁ። እንዲህ ነበር? ወይስ እንዲያ? እላለሁ። ጭራሽ ሳይጠፋብኝ አንድ ጊዜ አሰማኝ፣ ልጄ።»

የዚያን ዘመን የሠርግ ቪዲዮ መቼም ታውቁታላችሁ። አንሺው ከዳር እስከ ዳር ዘፈን ይጭንበታል። ካልጫነ ባለ ሠርጉ ራሱ «ምነው ቤቴን ልቅሶ ቤት አስመሰልኸው?» ብሎ ይቆጣል። እናት ስታለቅስ ዘፈን፣ ሽማግሌ ሲመርቅ ዘፈን። እማማም በጎረቤት ቴሌቪዥን ደጋግመው አይተውት ኖሯል፤ የባላቸው አፍ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ከበሮና ጭብጨባ ነው።

ሲዲው እንደ ልማዱ ካስለፋን በኋላ ተከፈተ። ሰውየው ቆመዋል፣ እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ዘፈኑ ይደልቃል። እኔ አላስቻለኝም። «እማማ፣ ዘፈኑ በልቶታል። በዝናብ አይንከራተቱ፣ ይግቡ ወደ ቤትዎ» አልኋቸው። ጋሼ ወደ ቀኙ ጎንበስ አሉ። ወደ ግራው ጎንበስ አሉና እዚያው ቀሩ።

«እንጉዳይ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ግራ ጌታው ሌላ ነገር እያለ ነው።»

አንሺው ዘፈኑን ሲጭን በቀኝ በኩል አብዝቶ፣ በግራ በኩል አሳንሶት ኖሯል። ቴሌቪዥኑ ሁለቱን ቀላቅሎ ባንድ አፍ ስለሚያወጣው ነው ሰው ያልለየው። ጋሼ የማጫወቻውን የድምፅ ማመጣጠኛ ከፍተው ሙሉ ለሙሉ ወደ ግራ ሳቡት። ዘፈኑ ወንዝ የተሻገረ ይመስል ራቀ። ከሥሩ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማ።

«እሱ ነው» አሉ እማማ የሻረግ፤ ገና ቃል ሳይወጣ።

ከዚያ ምርቃቱ መጣ። «ልጄ፣ ወልደሽ ለመሳም፣ ዘርተሽ ለመቃም ያብቃሽ። ቤትሽ እንግዳ አይጣ። እናትሽን አትርሺ።» እማማ ባላቸው የገቡ ይመስል ከወንበራቸው ብድግ አሉ። አላለቀሱም። የቪዲዮው ብርሃን በነጠላቸው ላይ እየሄደ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታ፣ እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ። እኔ ነኝ ያለቀስሁት።

እቤታቸው ያለው ያረጀ ቴፕ ብቻ ነበር። ካሴት ላይ ለመቅዳት የሚሆን ገመድ ደግሞ አልተገኘም። ጋሼ ቴፑን አስመጥተው፣ የሚሰማውን ሁሉ በራሱ ማይክ እንዲቀዳ፣ ከግራው ድምፅ ማጉያ አጠገብ አስቀመጡና፣ ከእማማ በቀር ሁላችንንም አስወጥተው በሩን ዘጉ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

እንግዲህ በሠልስታቸው ዕለት፣ ከዚያችው ቤት ጀርባ ባለው መኖሪያቸው የሆነውን ስሙ። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ወደ ጥግ ወሰዱኝና «ከዚያ ማሽን ውስጥ ድምፁን ፈልጊልኝ» አሉኝ። ፈለግሁ። የስንቱ ሠርግ፣ የስንቱ ክርስትና፣ የስንቱ ሟች ድምፅ እዚያ አለ! የጋሼ ስሜነህ ግን የለም። ትተውት የሄዱትን ስልካቸውንም አየሁት፤ ባዶ ነው። ስነግራቸው እትዬ ዘውዴ «ታዲያ እኔ በምን ልሰማው ነው?» ብለው መሬት ቁጭ አሉ። እውነቱን ልናገር፣ በጋሼ ላይ ተናደድሁ። የአገሩን ድምፅ ሲሰበስብ ኖሮ፣ ሰው ለሚስቱ አንዲት ቃል አይተውም?

በዚህ መሐል እማማ የሻረግ፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ያንን ቴፕ በነጠላቸው አቅፈው ገቡ። አንዱ «ኧረ እማማ፣ ልቅሶ ቤት ቴፕ?» አላቸው። ቁብም አልሰጡት። እትዬ ዘውዴ ጉልበት አጠገብ አስቀምጠው ተጫኑት።

የባላቸው ምርቃት ተሰማ። «...ዘርተሽ ለመቃም ያብቃሽ።» ከዚያ፣ ከቅርብ፣ ጥርት ብሎ፣ «አሜን»። «ቤትሽ እንግዳ አይጣ።» «አሜን።» የጋሼ ድምፅ ነበር።

«ሲቀዳልኝ አፉን መያዝ አቃተው» አሉ እማማ። «ደነገጠ፤ 'አበላሸሁብዎ፣ እንደገና ልቅዳው' አለኝ። 'ተወው ስሜነህ፣ ምርቃት አሜን ካላሉት መሬት ይወድቃል' አልሁት። በየጠዋቱ ሁለቱንም ስሰማ ኖርሁ። አሁን ተራው ያንቺ ነው፣ ልጄ» ብለው ቴፑን ለእትዬ ዘውዴ ትተው ሄዱ። የባላቸው ድምፅ እንደሁ ከልባቸው ገብቷል፤ አይጠፋም ብለዋል።

ጋሼ ስሜነህ፣ የተቆጣሁትን ይርሱልኝ። ሰማያዊው በር ተዘግቷል፤ ዝናብ ሲመጣ ሰው ከበሩ ሥር ይቆምና ትንሽ አዳምጦ ይሄዳል። እትዬ ዘውዴ ደህና ናቸው፣ አያስቡ። ዛሬ ጠዋት በግድግዳው በኩል ሰማኋቸው። እርስዎ «አሜን» ይላሉ፤ እሳቸው «ጮክ በል እንጂ ስሜነህ፣ አልሰማሁህም» ይሉዎታል፤ ደግመው ያስነሡዎታል። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ።