ከአባቴ የቀዳሁት አነካከስ

ሦስት ሽልማቶች አሉኝ። በፊልም ያገኘሁት ዋንጫ መደርደሪያዬ ላይ ቆሟል፤ ከጃንሆይ እጅ የተቀበልኩት ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ነው። ለመድረክ ትወና የተሸለምኩትን ሜዳሊያ የት እንዳደረስኩት ሰው ሲጠይቀኝ ግን ቤት ስቀይር ጠፋብኝ እላለሁ። ውሸቴን ነው።

ሜዳሊያውን ያስገኘልኝ አንካሳ አርበኛ ሆኜ የተጫወትኩበት ቴአትር ነው። አነካከሱን የቀዳሁት ከአባቴ ነበር። አባቴ ጣሊያን በጥይት የመታው አርበኛ ተብሎ ጎባ ውስጥ የሚከበር ሰው ነበር። ከመቀመጫው ሲነሳ ቀኝ ጉልበቱን በመዳፉ ይጫንና ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ እግሩን ይጎትት ነበር። ልጅ ሳለሁ እሱን እያስመሰልኩ ስስቅ እናቴ በቁንጥጫ መልሳኛለች። መድረክ ላይ ያችኑ ሳደርጋት ግን አዳራሹ አለቀሰ።

ሜዳሊያውን በመሐረብ ጠቅልዬ በጭነት መኪና ጋቢና ሮቤ፣ ከሮቤም ጎባ ገባሁ። ሐሳቤ አንድ ነበር። አባቴ ለአርበኝነቱ ምንም ተሸልሞ አያውቅም ነበር። ማመልከቻ ጽፈህ ኒሻንህን ጠይቅ ሲሉት "ተውኝ እባካችሁ" ይል ነበር። እኔ ልክሰው ፈለግሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የአገሩ አርበኞች መሸለሜን ሰምተው ቤታችን ተሰበሰቡ። ጎረቤታችን ሐጂም "ባጋ ገመዳን! እንኳን ደስ ያለዎት!" እያሉ ገቡ። ተነሥቼ "ይኼ የኔ አይደለም፣ የአባቴ ነው" አልኩና ደረቱ ላይ ልሰካው ስል እጄን ያዘኝ።

"ያንተ ነው። መልሰው" አለኝ።

እንግዶቹ "አቤት ትሕትና!" እያሉ አደነቁት። እኔ ግን በሰው ፊት አፈርኩ፤ ተቀየምኩትም።

በማግስቱ ጠዋት የገብስ ጎተራው ጋ ጠራኝ።

"በቅሎ ናት የጣለችኝ" አለ ድንገት። "ጦርነቱ ጊዜ ሐረና ጫካ ተደብቄ ነበር። አንዲት ጥይት አልተኮስኩም። ስመለስ መንገድ ላይ በቅሎ ጣለችኝ፤ እያነከስኩ ብገባ 'የት ቆሰልክ?' አሉኝ። ዝም አልኩ። የቀረውን እነሱው ጨረሱት።"

"ታዲያ እግርዎ?"

አጥሩን ቃኘት አደረገ፤ ሰው የለም። ከዚያ ቀጥ ብሎ እስከ በረቱ ሄዶ ተመለሰ። ጉልበቱን አልነካም።

"በዓመቱ ድኗል" አለኝ።

ቁጣ መጣብኝ፣ ደግሞ ሳቅ መጣብኝ፣ ሁለቱም መሐል ላይ ቀሩ። ይህኔ ሐጂ ከመንገድ ሆነው ተጣሩ፤ አባቴም "አቤት!" ብሎ እያነከሰ ወደ አጥሩ ሄደ። ማነከሱን የቱ ጋ እንደጀመረ ማየት አልቻልኩም። እኔ፣ ለዚሁ ሥራ የተሸለምኩት ሰውዬ!

ከዚያ ወዲህ ተምታቶብኝ ቀረ። ሕዝቡን ያታለለው እሱ ነው? ወይስ ያንን ውሸት መድረክ ላይ አውጥቼ ያስለቀስኩበት እኔ? ይቅር ልበለው ልውቀሰው እስካሁን አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ገብቶኛል፤ እኔ ያነከስኩት ለሁለት ሰዓት ነው፣ እሱ ዕድሜውን ሙሉ።

ሲሞት፣ ሲገነዝ፣ ሜዳሊያውን ከከፈኑ ውስጥ ቀኝ ጉልበቱ አጠገብ ሸጎጥኩት። ውጭ አርበኞቹ ጠመንጃ ይተኩሱለታል። እናቴ አየችኝ።

"ለአርበኝነቱ ነው አይደል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።