ጸበል የነካው ጆይስቲክ

ወንድሜን ስትሮክ የመታው ከዓለም ባንክ ሰፈር ተሳፋሪ ጭኖ ሲወርድ ነው። ሚኒባሱን ዳር አስይዞ ካቆመ በኋላ መሪው ላይ ተደፋ። ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉለት፤ አንደበቱን ግን አልመለሱለትም። ቀኝ ጎኑ በድን ሆነ። ግራ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እንደ ምንም የምትታዘዘው አውራ ጣቱ ብቻ ናት።

አገራችን ጎጃም ነው። ኮልፌ ውስጥ ከአንዲት የኪራይ ክፍል በቀር ምንም የለንም፤ ዘመድ የምንለውም የለም። እኔ የስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ እሠራለሁ። እንዲጽፍበት ብዬ ስልኬን ብሰጠው፣ ስክሪኑ ለሚንቀጠቀጥ ጣት የሚሆን አይደለም። ውሃ ሊለምነኝ ሲሞክር ካሜራው ይከፈትበታል። ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ እስኪመሽም አይመልሰውም።

ሱቃችን ውስጥ አንድ የጌም ቤት ባለቤት የጣለው አሮጌ ጆይስቲክ ነበር፤ ልጆች ሲጫወቱ በሁለት እጃቸው የሚይዙት ማለቴ ነው። የገመዱ ጫፍ ከዛሬ ስልክ ጋር አይገጥምም። ጫፉን ቆረጥኩና፣ አሮጌውን ከአዲሱ የምታግባባ ትንሽ ቦርድ መሃል ላይ አስገብቼ የስልክ ገመድ በየድኩበት። አዲስ አትገዢም ወይ ያሉኝ ነበሩ። የአዲሱ ቁልፍ ደረቅ ነው፤ የወንድሜ ጣት አይችለውም። የዚህን ጎማ ግን የሰፈር ልጆች ለዓመታት ቀጥቅጠው አለስልሰውታል፤ ነካ ሲያደርጉት እሺ ይላል። ሽቦ በበየድኩ ቁጥር አማትብ ነበር።

ሲሠራ ፊደላቱ ስክሪኑ ላይ ተደረደሩ፣ እሱም በአውራ ጣቱ እየገፋ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። «ተመስገን» የሚል ቃል እየጠበቅሁ አልጋው ሥር ተንበርክኬአለሁ። የጻፈው «ሽሮሽ ጨው የለውም» ነው። ሳቄን ሰምተው የመጡት አከራያችን፣ ይህን ሁሉ ወር አልጫ ሲውጥ ኖሯል ለካ ብለው ከእኔ ይልቅ ለእሱ አዘኑ።

ከዚያ ወዲያ ዝም አላለም። ሊጠይቁት የሚመጡትን ሾፌሮች ይሰድባል፣ የኳሱን ውጤት ይጠይቃል፣ ጸሎቴ ረዘመ ብሎ ያሾፍብኛል። በመጨረሻም እማዬን ጥሪልኝ አለ።

እማዬ ከአገር ቤት በጄሪካን ጸበል ይዛ መጣች። አውቶቡሱ ውስጥ ከጭኗ ላይ አላወረደችውም። ማንበብ ስለማትችል የሚጽፈውን እኔ አነብላት ነበር። «እንኳን ደህና መጣሽ» ሲላት፣ አስቀድማ የሳመችው ጆይስቲኩን ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ እህል ሳይቀምስ ልታጠምቀው ተነሣች። ጆይስቲኩ መዳፉ ላይ ነበር፤ ስልኩም በዚያችው ቦርድ በኩል ሻርጅ ላይ ተሰክቷል።

«እማዬ፣ ቆይ ይሄን ላንሳው።»

«ለምን ይነሣል? ልጄን ያናገረ ዕቃ እኮ ነው። በረከቱ ይድረሰው።»

ይህን ብላ በጣሳ ሙሉ አፈሰሰችበት። ጸበል የያዘ እጅ እንዴት ይገፋል? ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ወንድሜ ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ የተነቃነቀ ነገር የለም።

ፈትቼ አደረቅሁት፣ በአልኮል ጠረግሁት፤ ከውስጥ ነዶ ነበር። እማዬ እግዜር ያልወደደው ነገር ይሆን እያለች ጠየቀችኝ። ውሃና ኤሌክትሪክ አይስማሙም፣ ሌላ ነገር የለውም አልኳት። አላመነችኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጾም ላይ ጾም ጨመረች። ማታ ከሱቅ ስመለስ በር ላይ ትጠብቀኝና እጄን ታያለች።

ከኮልፌ አሮጌ ዕቃ ሻጮች እስከ ዘነበወርቅ ጌም ቤቶች ድረስ ዞርኩ። የሚገኘው ወይ የሞተ ነው፣ ወይ ደረቁ አዲስ። የአዲሱን ጎማ በምላጭ አሳስቼ ሰጠሁት፤ ጣቱ ታገለችና ተንሸራተተች። መጀመሪያ ይታገሠኝ ነበር፤ በኋላ ዕቃውን ሳመጣ ዓይኑን መጨፈን ጀመረ። ምግብ ሳጎርሰውም ማንኪያውን በጥርሱ ይመልሰው ነበር።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ አንድ ያረጀ፣ ጎማው የላላ ጆይስቲክ አገኘሁ። እንደ ፊተኛው አድርጌ ሠራሁት፣ ሞከርኩት፣ መዳፉ ላይ አኖርኩለት።  ጣቱ ቀስ ብላ ከፊደል ፊደል ሄደች።

«ደክሞኛል። ተዉኝ።»

እማዬ አንገቷን አስግጋ ምን አለ አለችኝ። ስድቡንም ቀልዱንም ሳልሸራርፍ ነበር የማነብላት። ይህንንም እንዳለ አነበብኩላት።  ነጠላዋን ጎትታ እጁን ከነጆይስቲኩ ሸፈነችው።

እኔ ወደ እመቤታችን ሥዕል ዞርኩ። እነዚያን ወራት ሁሉ ስለምናት የኖርኩት ወንድሜ እንዲናገር ነበር። አሁን ፊቷ እቆማለሁ፣ አማትባለሁ፤ ከዚያ ምን እንደምላት አላውቅም።